ጉርሻና ሒሳብ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ምግብ ቤቶች ስለ መክፈልና ስለ አስተናጋጅ ጉርሻ ልማድ

በአማርኛ «ጉርሻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው፣ ሰው በገዛ እጁ ጠቅልሎ ወደ ወዳጁ አፍ የሚያደርሰው የእንጀራ ጥቅል ነው። ሁለተኛው፣ በምግብ ቤት የተመገበ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ለአስተናጋጁ ትቶለት የሚሄደው ገንዘብ ነው። ፈረንሳዊ ይህንኑ ገንዘብ «ፑርቧር»፣ ጀርመናዊ ደግሞ «ትሪንክጌልት» ሲለው ሁለቱም «የመጠጫ» ማለታቸው ነው፤ ሩሲያዊም «ለሻይ» ይላል። እነዚህ ስሞች፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ብቻውን ሄዶ የሚጠጣበት መሆኑን ይናገራሉ። የእኛው ስም ግን ሰጪንና ተቀባይን በአንድ ገበታ ፊት ለፊት የተቀመጡ ያስመስላቸዋል። በእውነቱ ግን አንዱ ተቀምጦ በልቷል፤ ሌላው ቆሞ አገልግሏል። የማዕዱ ቃል ወደ ሒሳቡ የተሻገረው በምን ምክንያት ነው፤ በመሻገሩስ ማን ተጠቀመ የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው።

ለዚህ ምርመራ አቃቂ ቃሊቲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ያለው ይህ ስፍራ የቤተ መንግሥት ሰፈርም፣ የታላላቅ ሆቴሎች ሰፈርም ሆኖ አያውቅም። የባቡር ጣቢያ፣ የፋብሪካ፣ የጉምሩክና የከባድ መኪና መንገድ ሰፈር ነው። ስለዚህም ከቤቱ ርቆ፣ ከማያውቀው ሰው እጅ ምግብ ገዝቶ የሚበላ ሰው የበዛበት ስፍራ ነው። የመክፈል ልማድ ታሪክም የዚህ ዓይነቱ ሰው ታሪክ ነው።

አስቀድመን ሒሳብ ስለሌለበት ማዕድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ግብር ላይ አጋፋሪው እንግዳውን እንደ ማዕረጉ ያስገባል፤ አሳላፊው እንጀራውን፣ ወጡንና ጠጁን ያዞራል። አሳላፊው ጌታው የሚያበላው፣ የሚያለብሰውና ምናልባትም ርስት ወይም ሹመት የሚጠብቅ የቤት ሰው ስለ ነበር፣ ከተጋባዡ እጅ ገንዘብ ቢቀበል ጌታውን ማዋረድ ይሆንበት ነበር። በተራው ሰው ድግስ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። በሠርግ፣ በተዝካር፣ በማኅበርና በሰንበቴ ላይ የሚያሳልፉት የደጋሹ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬ ያሳለፈ ነገ ይስተናገዳል፤ ዛሬ የተስተናገደም ነገ ወገቡን ታጥቆ ይቆማል። ብድሩ የሚመለሰው በጉልበትና በመገኘት እንጂ በሳንቲም አይደለም። ዛሬም ቢሆን በሠርግ ላይ ጠላ ለሚቀዳ የአጎት ልጅ ብር የሚዘረጋ ሰው ቢገኝ፣ ያ ልጅ «እኔን ምን አደረግኸኝ!» ብሎ እንደሚቆጣ አንባቢ አይጠራጠርም።

እንግዲህ ጉርሻ በዚህ ማዕድ ላይ ምን ሥራ እንደ ነበረው እናስተውል። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከአገጩ በታች ዘርግቶ ይቀበላል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ታላቅ ለታናሽ፣ ባለቤት ለእንግዳ፣ ሚስት ለባሏ ያጎርሳሉ። ጌታ ከገበታው ቆርሶ በአጠገቡ ለቆመው አሽከር ማጉረሱም የታወቀ ነበር። ለኛ ጉዳይ ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው። ለበላይ የሚቀርበው ስጦታ «እጅ መንሻ» ይባላል፤ ፍርድ ለማጣመም የሚሰጠው «ጉቦ» ወይም «መማለጃ» ነው፤ ለነዳይ የሚሰጠው «ምጽዋት» ነው። ጉርሻ ግን ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ ሆኖ ሳለ ተቀባዩን የማያዋርድ፣ እንዲያውም ለጊዜው ወደ ገበታው የሚያቀርበው ስጦታ ነበር። ቆሞ ለሚያገለግል ሰው ሳንቲም መስጠት እንደ ምጽዋት እንዳይቆጠር የሚያደርግ ቃል ቢፈለግ፣ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ ሳንቲሙም ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ዋና ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጠገራ ብር ለብዙ ቀን ምግብ የሚበቃ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ለትንሽ ግዢ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። በአሞሌ ሒሳብ ተከፍሎ መልስ ሊተው አይችልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸውን የብር ገንዘቦች በፓሪስ ሲያስቀርጹ ከሙሉው ብር ጋር አላድ፣ ሩብና ተሙን ወጡ፤ ቀጥሎም መሐለቅ ተጨመረ። አዲሱ ገንዘብ ሕዝቡ ከለመደው ከጠገራው ጋር ረዥም ዘመን መፎካከር ነበረበት። ዝርዝሩ በእርግጥ የተስተካከለው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ ብሩ በመቶ ሳንቲም ተከፍሎ አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲም በገበያው ሲሰራጩ ነው። ስሙኒና ሽልንግ ከሰው ኪስ ሲገቡ፣ «መልሱን ያዘው» የሚለው ንግግርም የሚቻል ሆነ።

በከተማ የመጀመሪያው የታወቀ ምግብ ቤት እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት እቴጌ ሆቴል ነው። ስለዚህ ሆቴል ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎ ስለ ቆጠረው፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው በልተው ከፈሉ የሚል ነው። ዝርዝሩ በየተራኪው ይለያያል። የማይለያየው ፍሬ ነገር ግን ለታሪክ ተመልካች ይበቃዋል፤ የአገሬው ሰው ያፈረው በመብላቱ ሳይሆን በመክፈሉ ነበር፤ ያንን ኀፍረት ለማስወገድም ከሁሉ የሚበልጠው ሰው በሁሉ ፊት መክፈል አስፈለገው። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ሒሳብ መክፈል የትልቅ ሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አቃቂ እንውረድ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ በ1907 ዓ.ም. ገደማ ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ላይ አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ የባቡሩ መጨረሻ አቃቂ ነበር ማለት ነው። መንገደኛው ከዚህ ወርዶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ በቅሎ ወይም ተሸካሚ ፈልጎ ወደ ከተማ ይወጣ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል፤ የተራበም ዘመድ ከሌለው ይገዛል። ከዚያ ቀደም መንገደኛ በደረሰበት መንደር «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያድር ነበር፤ በባቡር የሚመጣው ሰው ብዛት ግን ለእግዜር እንግድነት አይመችም። ባቡሩ ወደ ከተማው ካለፈ በኋላም አቃቂ ጣቢያ ሆኖ ቆየ። በከተማው ውስጥ የጣቢያው ሰፈር ከፈረንሳይኛ ተወስዶ ለገሃር ተባለ፤ በአጠገቡም ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው ምግብ ቤት ተከፈተ። የምድር ባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ስለ ነበረ፣ ለተላላኪና ለአሳላፊ «ፑርቧር» የመስጠት ልማዳቸውም አብሮ መምጣቱ የማይቀር ነው።

ይሁን እንጂ ጉርሻ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ከባቡሩ ወይም ከጣሊያን ጋር ገባ የሚለው አስተያየት በቃላቱ ምርመራ አይጸናም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በምግብ ቤቶቻችን ውስጥ የተወው ቃል ብዙ ነው፤ ፓስታ፣ ማኪያቶና ላዛኛ የታወቁ ናቸው። የሥጋ ቤት ስም የሆነው ልኳንዳ እንኳ ጣሊያኖች ማደሪያ ቤትን ከሚጠሩበት ከሎካንዳ ጋር ዘመድ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ወይም የቤት ስሞች ናቸው። የመክፈሉን ሥራ የሚጠሩት ቃላት ግን ሌላ ወገን ናቸው። «ሒሳብ» ከዐረብ ነጋዴ ጋር ከጥንት ጀምሮ የተካፈልነው ቃል ነው። «መልስ»፣ «ግብዣ»፣ «መዋጮ»ና «ጉርሻ» ደግሞ የራሳችን ናቸው። ሕዝቡ ምግቡን ከባዕድ ስሙ ጋር ተቀብሎ ሳለ፣ የክፍያውን ሥርዐት በነበረው ማዕድ ሥርዐት እየተረጎመ ለራሱ አስረዳ ማለት ነው። «ካሸር»፣ «ቢል»ና «ቫት» የመጡት ዘግይተው ነው፤ እነርሱም የቤቱን ወረቀት እንጂ የሰዎቹን ግንኙነት አይጠሩም።

አገልጋዩ የተጠራበት ስም ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በጠጅ ቤት አሳላፊ፣ በመጠጥ ቤት ኮማሪት፣ በሆቴል ደግሞ ከእንግሊዝኛ ተወስዶ «ቦይ» ይባል ነበር፤ ጎልማሳውም ሽማግሌውም ያው «ቦይ» ነበር። ዛሬ «አስተናጋጅ» የሚለው ስም ሁሉንም ተክቷል። በጭብጨባ መጥራቱ ግን አልቀረም። ይህን ጸሐፊ እንደ ስድብ የሚቈጥሩ ባዕዳን አሉ፤ ጭብጨባው ከጥንት የመጣ የአዳራሽ መጥሪያ መሆኑን ቢያውቁ ፍርዳቸውን ያለዝቡ ነበር። አስተናጋጁም በበኩሉ ዕድሜን አይቶ «ጋሼ»፣ «አባቴ»፣ «እትዬ»፣ «እናቴ» እያለ ይመልሳል። በዚህ የዝምድና አጠራር ውስጥ ገንዘብ ሲተላለፍ የደሞዝ መልክ ሳይሆን የቤተሰብ ችሮታ መልክ ይይዛል።

በ1950ዎቹ በሕንድ ባለ ሀብቶች ተሳትፎ በአቃቂ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በዙሪያው የበቀሉት ሌሎች ፋብሪካዎች ለዚህ ልማድ አዲስ ሰው አመጡለት። የፋብሪካ ሠራተኛ ሌሎቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለው፤ የደመወዝ ቀን። በዚያ ቀን ገንዘብ አለ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖች የለም። ስለዚህ በሠራተኛ ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ የክፍያው ልብ ዱቤ ነው። ባለቤቲቱ በደብተር ትጽፋለች፤ በደመወዝ ቀን ይሰረዛል። ዱቤ ባለበት ቤት ጉርሻ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ችሮታ አያደርግምና። ይህ ለመላው ጉዳይ ቁልፍ ይመስለኛል። ጉርሻ የሚሰጠው ሰው በዚያች ሰዓት ከማንም ያልተበደረ፣ ሙሉ ሰው መሆኑን ለሚያዩት ሁሉ ያሳያል። በደመወዝ ማግሥት የሚሰጠው ሞቅ ያለ ጉርሻም የአስተናጋጁን ድካም ከመመዘን ይልቅ የሰጪውን ነጻ መውጣት ያበሥራል።

ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በትልቁ መንገድ ዳር ባሉት ሥጋ ቤቶች ነው። ከቃሊቲ ጉምሩክ የሚወጣና ወደዚያ የሚገባ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ረዳቱ፣ ጭነት አስፈጻሚው፣ ነጋዴው ሁሉ በዚህ ያልፋል። በእነዚህ ቤቶች ሥጋው በኪሎ ተመዝኖ ከልኳንዳው ይገዛል፤ መጠጡ ለብቻው ይታሰባል። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ እንኳ ከጠረጴዛው ባይነሣ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ እርሱ ራሱ የሒሳብ ምስክር ነውና። አራት አምስት ሰው በልቶ ሲነሣ ሒሳቡን ተካፍሎ መክፈል የተለመደ አይደለም፤ የጋበዘው ይከፍላል። ማን እንደ ጋበዘ ካልታወቀ ክርክር ይነሣል። «በሞቴ!»፣ «አይሆንም፣ እኔ ነኝ!»፣ «ባለፈው አንተ ከፍለሃል!» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ አንዱ ሌላው ሳያየው ቀድሞ ብሩን በአስተናጋጁ እጅ ያስጨብጣል። በሌላ ጠረጴዛ የተቀመጠ የሚያውቁት ሰው ሳይነጋገር ከፍሎ ሄዶ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ «ተከፍሏል» የሚባልበትም ጊዜ ብዙ ነው። ይህ የመጨረሻው፣ ለተከፈለለት ሰው ደስ የሚያሰኝና የሚያስጨንቅም ነው፤ ብድሩን የሚመልስበትን ቀን ሊጠብቅ ይገባዋልና።

በዚህ ትግል ውስጥ አስተናጋጁ ምስክርና ዳኛ ነው። የማንን ብር እንደሚቀበል የሚወስነው እርሱ ነው፤ ብልህ አስተናጋጅም በዕድሜ የሚበልጠውን ወይም የቤቱን ደንበኛ ይመርጣል። የከፈለውም ሰው ሁሉ እያዩት መልሱን ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መክተት ያሳፍረዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ለብዙ ሰው በሚከፍልበት ሥርዐት ጉርሻው ይተርፋል። ወጣቶች አሁን አሁን እንደለመዱት እያንዳንዱ የየራሱን ባዋጣ ጊዜ ግን፣ ለጉርሻው አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ በመካከል ይቀራል። ስለዚህ ግብዣ እየቀነሰ መዋጮ በበዛ ቁጥር የሚጎዳው አስተናጋጁ ነው፤ ይህን ጉዳት ግን ማንም በሒሳብ መዝገብ አይጽፈውም።

አሰጣጡንም ልብ እንበል። የማዕዱ ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይሰጣል። የገንዘቡ ጉርሻ ግን በሳህኑ ላይ፣ በብርጭቆው ሥር ወይም በሒሳብ ማቅረቢያው ውስጥ ተትቶ ይኬዳል። ሰጪው አያይም፤ ተቀባዩ ሰጪው እስኪርቅ አይቆጥርም። ስሙ የቀረቤታ ስም ሆኖ ሳለ ድርጊቱ የመራቅ ድርጊት ነው።

የዚህን መራቅ ትርጉም ለማወቅ የአስተናጋጁን የሥራ ውል ማየት ያስፈልጋል። በብዙ መጠጥና ምግብ ቤቶች አስተናጋጅ ሥራ ሲገባ «ማርክ» የሚባል ምልክት ቆጥሮ ይረከባል። አንድ ቢራ ወይም አንድ ቡና ሲያወጣ ተገቢውን ማርክ ለቀጂው ይሰጣል፤ በፈረቃው ማብቂያ የጎደለውን ማርክ ያህል ገንዘብ ለካሸሩ ያስረክባል። ዕቃው ከባንኮኒው ከወጣ በኋላ ዕዳው የአስተናጋጁ ነው። ተመጋቢው ሳይከፍል ቢሄድ፣ ሒሳብ ቢሳሳት፣ ብርጭቆ ቢሰበር የሚከፍለው እርሱ ነው። እንግዲህ ጉርሻ የምስጋና ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ዕዳ መጠባበቂያ ነው። በአንድ ማታ አንድ ገበታ ሳይከፍል ካመለጠ፣ የሌሎቹ ዐሥር ገበታዎች ጉርሻ ያንን ይሞላል። የቤቱ ባለቤት ሊሸከመው የሚገባውን ኪሣራ ለጋሡ እንግዳ ሳያውቀው ይሸከምለታል ማለት ነው። የማዕዱ ቃል ወደ ሒሳቡ በመሻገሩ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመው ባለቤቱ ነው ብዬ የምፈርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377፣ እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156ም በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉሙ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ ውጭ አድርገውታል። ይህ አንቀጽ ለሠራተኛው ጥሩም ክፉም ነው። ጥሩነቱ፣ ባለቤቱ «ከእንግዳ የምታገኘው ደመወዝህ ነው» ብሎ በሕግ ሊከራከር አለመቻሉ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉርሻ ከዝቅተኛው ደመወዝ ጋር ስለሚታሰብ፣ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቅዶለት ኖሯል። ክፋቱ ደግሞ፣ የዓመት ዕረፍትም ሆነ የስንብት ካሳ የሚሰላው በደመወዝ ስለሆነ፣ አብዛኛው ገቢው ጉርሻ የሆነ ሰው ሲታመም ወይም ሲሰናበት የሚሰላለት ከእውነተኛው ኑሮው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። አዋጅ 1156 ሲወጣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አልነበረም፤ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ብቻ ደነገገ።

በታላላቅ ሆቴሎች ለአገልግሎት ከመቶ 10፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 285/1994 የመጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 በደረሰኙ ላይ መታየት ከጀመሩ ወዲህ፣ ተመጋቢው «አገልግሎቱን ከፍያለሁ» ብሎ ጉርሻውን የሚያስቀርበት ምክንያት አገኘ። በአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ ሰፈር ምግብ ቤቶች ግን የአገልግሎቱ መቶኛ እምብዛም አይታወቅም፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ሥራውን ቀጠለ። በዚህ አካባቢ የበለጠ ለውጥ ያመጣው መንገዱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ በአጥር መካከል የሚሄድ መንገደኛ በአሮጌው መንገድ ዳር ሥጋ ቤት መቆሙን ተወ። በቤቶቹ የቀረው የአካባቢው ሰው፣ የጉምሩክ ባለ ጉዳይና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ቤቱን ስለሚያውቅ በዱቤ ይበላል።

የመጨረሻው ለውጥ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከቴሌብርና ከሌሎቹ የስልክ ክፍያዎች ጋር መጣ። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል መልስ ይመጣል፤ መልስ ሲመጣ ይተዋል። በስልክ ሲከፈል ልኩ ብቻ ይሄዳል፤ የሚሄደውም በግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው የቤቱ ሒሳብ ነው። እንግዳው ለአስተናጋጁ መስጠት ቢፈልግ ሁለተኛ ጊዜ ማሰብ፣ ከኪሱ ጥሬ ብር መፈለግ ወይም የአስተናጋጁን የስልክ ቁጥር መጠየቅ አለበት። ጉርሻ ያለ ሐሳብ በመተው ይሰጥ የነበረ ሆኖ ሳለ አሁን በሐሳብ የሚሰጥ ሆነ። ምናልባት ይህ ወደ ቀድሞው ትርጉሙ ይመልሰው ይሆናል፤ ቁጥሩን ለመጠየቅ ቢያንስ የአስተናጋጁን ፊት ማየትና ስሙን ማወቅ ግድ ነውና። እስከዚያው ድረስ ግን የመክፈያው ድምፅ በካሸሩ ስልክ ላይ ይሰማል፤ አስተናጋጁ ስልኩን ተመልክቶ «ገብቷል፣ ጋሼ» ይላል፤ ባዶ ጠርሙሶቹን አንሥቶም ማርኩን ሊቆጥር ወደ ባንኮኒው ይመለሳል።